ግማሽ ላይ የቆመው መርፌ

ይህን የምጽፈው መኪና ለሚያውቁ ሰዎች ብቻ አይደለም። መኪና ነድቶም ነክቶም የማያውቅ አንባቢ እንዲከተለኝ ስለምፈልግ አንዳንዱን ነገር ዘርዘር አደርገዋለሁ። ታገሡኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር መናኸሪያው ጀርባ፣ በአንድ ጎሚስታና በአንድ ሻይ ቤት መካከል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራባታለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ፣ መጀመሪያ የሞተ ሬዲዮ ስፈታና ስገጥም፣ በኋላ ደግሞ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እያበላሸሁ የለመድኩት ነው። ወሬ አልችልም። ደንበኛ መጥቶ «ምን ሆኖብኝ ነው?» ሲለኝ «ልየው» ብዬ ከመኪናው ሥር እገባለሁ፤ ስወጣ «ይኸው» እላለሁ። በመካከሉ ሌላ ቃል የለም።

ለዚያች ሱቅ ያበቃኝ አያ ደምሌ ነው። ሾፌር ነው፤ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጠኛል። የመጀመሪያ ሥራዬን ያመጣልኝ እሱ ነው። ሱቋን ስከራይ «ልጁን አውቀዋለሁ፣ በእኔ ይሁንባችሁ» ብሎ ዋስ የሆነኝ እሱ ነው። ታይፎይድ ጥሎኝ ብቻዬን የተኛሁ ጊዜ ሚስቱን አጥሚት አስይዞ የላከልኝም እሱ ነው። እኔ ታላቅ ወንድም የለኝም። «አያ» ስለው ለወግ ያህል አልነበረም።

አያ ደምሌ የሚነዳው የእድር መኪና ነው። ከገሳይ አልፎ ወደ ጉና ወገን ባለ አንድ መንደር፣ እድርተኞቹ አዋጥተው የገዙት ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር ይጭናል። ዋናው ሥራው ግን በሽተኛ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ማድረስ ነው። ሽማግሌዎቹ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ላይ የሞተባቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ መኪናውን የገዙ ዕለት አንድ ሕግ ደነገጉ፤ ነዳጁ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ። የእድሩ ዳኛ ጋሼ አምባው በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ጋቢና ይገቡና ቁልፉን አዙረው የነዳጁን መርፌ ያያሉ። ግማሽ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ተመስገን» ብለው ይወርዳሉ። ሌላ ምርመራ የለም።

ያን መርፌ ነሐሴ ላይ የጠገንኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ሁለት ሰዎች የሱቄን በር ሞልተው ቆሙ። አንዱ ጋሼ አምባው ናቸው። ሌላውን አላውቀውም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ጋቢው ላይ ደም ደርቆበታል።

«እሱ ነው?» አለ ሰውየው።

«እሱ ነው፣ አበራ።»

«ይሄ ጩጬ ነው መርፌያችንን የሠራው?»

መፍቻዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ጋሼ አምባው በዝግታ ነገሩኝ። ሐሙስ ዕለት የአበራ ታናሽ ወንድም ሙሉቀን ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ተገልብጦ እግሩ ላይ ወደቀ። በእድሩ መኪና ጭነውት ወጡ። ገሳይን አልፈው፣ ከደብረ ታቦር መንገድ እኩሌታው ላይ፣ መኪናው ተንተፋተፈና ቆመ። መርፌው ግማሽ ላይ ነው፤ ታንኩ ግን ባዶ ነበር። አያ ደምሌ ጀሪካን ይዞ በእግሩ ሄዶ ናፍጣ አምጥቶ፣ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አስወጥቶ እስኪነሣ ድረስ ሦስት ሰዓት አለፈ። ናፍጣ የጠፋበት ጊዜ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሰዓታት ሌላ መኪና በዚያ መንገድ አልመጣም።

«ሐኪሞቹ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ እናድነው ነበር አሉ» አሉ ጋሼ አምባው። «ትናንት ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።»

ከአፌ የወጣው የማይሆን ነገር ነው።

«አሥራ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ታንኩ ላይ ከመግጠሜ በፊት ተንሳፋፊውን ባልዲ ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጌ ሞክሬዋለሁ።»

አበራ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። «ይኸውላችሁ! ቆጥሮታል! የወንድሜን እግርስ ስንት ብለህ ቆጠርከው?»

«ተው አበራ» አሉ ጋሼ አምባው። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው ይሰበሰባል። ዛሬ ከእኔ ጋር ሂድና መኪናውን እየው። ጥፋትህ ከሆነ ጥፋቴ ነው በል። ካልሆነም አሳየን። ዝም ካልክ ግን ከገሳይ እስከ ሐሙሲት መኪናውን አምኖ የሚሰጥህ ሰው የለም። እኔም አልከለክላቸውም።»

አበራ ወደ ሆስፒታል ተመለሰ። እኔና ጋሼ አምባው በሚኒባስ ገሳይ ወርደን ቀሪውን በእግራችን ሄድን።

ፒክአፑ በጋሼ አምባው አጥር ግቢ ውስጥ ቆሟል። አያ ደምሌ የለም፤ ለሙሉቀን ዘመዶች መልእክት ሊያደርስ ሄዷል፣ ሲመሽ ይመለሳል አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እሱ ባለመኖሩ ከፋኝ። እሱ ቢኖር «አይዞህ፣ ፈልገው፣ ታገኘዋለህ» ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

አሁን ዘርዘር ላድርገው። በአሮጌ መኪና ታንክ ውስጥ ናፍጣው ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ መሰል ነገር አለች። ክንድ አላት። ናፍጣው ሲጎድል ክንዷ ይወርዳል፤ ክንዷ ሲወርድ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ይወድቃል። ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ታንኩ ላይ ያለው ሽቦ ጨርሶ ቢነቀል ኤሌክትሪኩ መሄጃ ያጣል፤ መርፌውም ባዶ የሚለው ላይ መውደቅ አለበት።

መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ከፍቼ ንጹሕ ዘንግ አስገባሁ። የናፍጣው እርጥበት አራት ጣት አይሞላም። ቁልፉን አዞርኩ። መርፌው ተነሥቶ ግማሹን በፀጉር ያህል አለፈና ቆመ።

«አየህ?» አሉ ጋሼ አምባው በመስኮቱ በኩል። «እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ተንሳፋፊዋ ተጣብቃ ይሆናል፤ እኔ የገጠምኳት ክንድ ጠሞ ይሆናል። ከመኪናው ሥር ገብቼ ታንኩ ላይ ያለውን ሽቦ ነቀልኩት። ወጥቼ ቁልፉን አዞርኩ።

መርፌው ግማሽ ላይ ወጥቶ ቆመ።

እንደገና አጠፋሁ፤ እንደገና አዞርኩ። ሽቦው ተነቅሎ በእጄ ላይ ነው። መርፌው ግን ግማሽ ላይ ነው። ከዚያ ዳሽቦርዱን ፈትቼ ሽቦውን ከመርፌው ጀርባ ነቀልኩት፤ መርፌው ወዲያው ወደቀ። ስለዚህ መርፌው ደኅና ነው። ተንሳፋፊዋም ልትወቀስ አትችልም፤ ተነቅላለችና። ከሁለቱ መካከል፣ በመንገድ ላይ፣ ኤሌክትሪኩ ሌላ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው።

ጀርባዬን መሬት ላይ አድርጌ ሽቦውን በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ትርፍ ጎማው ከሚታሰርበት በላይ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ እኔ ያልጠቀለልኩት ጥቁር ፕላስተር አገኘሁ። ጭቃ አልያዘውም። ጫፉን ላጥኩት። ሽቦው ተልጦ፣ ከስንዴ ፍሬ ትንሽ የምትረዝም ሬዚስተር፣ ማለት ኤሌክትሪክን መጥና የምታሳልፍ ዕቃ፣ ተጠምዝዛበታለች። ሌላው ጫፏ ከመኪናው ብረት ጋር በቡሎን ታስሯል። ብርቱካን፣ ነጭ፣ ጥቁር መስመር አላት። ጫፏ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ አለ።

ያቺን ነጥብ የማደርገው እኔ ነኝ። ሞክሬ ደኅና መሆኑን ያረጋገጥኩትን ዕቃ ሁሉ በአረንጓዴ የጥፍር ቀለም ነካ አደርገዋለሁ። ቀለሟን የሰጠችኝ የአያ ደምሌ ሚስት ናት።

ከመኪናው ሥር እንደተጋደምኩ ነሐሴን አስታወስኩ። ዝናቡ የሱቄን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ አያ ደምሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መርፌውን ስጠግን ያየኝ ነበር። «አንተ ዝምተኛ» አለኝ፣ «ይቺ መርፌ የታንኩን ሆድ በምን ታውቀዋለች?» እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ካርቶን ላይ እየሣልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። «ታዲያ መዋሸት ትችላለች?» አለ እየሳቀ። «ካዋሿት ትዋሻለች» ብዬ ከሣጥኔ ሬዚስተር አወጣሁና እዚያው ነካክቼ አሳየሁት። ይህችን ከተንሳፋፊዋ ጎን ብታስራት፣ ታንኩ ሲሞላ መርፌዋ ሞላ ትላለች፤ ሲጎድል ግን ከግማሽ በታች አትወርድም አልኩት። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! ዝናቡ ሲያባራ ሬዚስተሯን መልሼ ሣጥን ውስጥ ማስገባቴን አላስታውስም።

«አገኘህ?» አሉ ጋሼ አምባው ጎንበስ ብለው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አንባቢዎቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኔ ጥፋት የቱ ነው ብትሉኝ ይህ ነው። ፕላስተሩን መልሼ ጠቀለልኩት።

«አግኝቻለሁ ጋሼ። ነገ በሁሉም ፊት ይታያል።»

«ለምን አሁን አትነግረኝም?»

«ነገ ይሻላል።»

«እሺ» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

አያ ደምሌን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመንደሩ መግቢያ አገኘሁት። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። «ሰማሁ። አስጨነቁህ አይደል? ገበሬ መኪና ምን ያውቃል ብለህ እለፈው።»

«አረንጓዴዋን አየኋት» አልኩት።

እጁን ከትከሻዬ አላነሣም። ክብደቱ ግን ሲለወጥ ተሰማኝ። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

«ናፍጣ እንደ ወርቅ የሆነበት ጊዜ ነው» አለኝ። «ልጆቼን ታውቃቸዋለህ። ትንሽ ትንሽ ነው እየቀዳሁ የሸጥኩት። የተወሰነውን ገሳይ ሰው ቤት አስቀምጣለሁ፤ መንገድ ሲመጣ እመልሰዋለሁ ነበር ሐሳቤ። ሙሉቀን ላይ ግንድ ይወድቃል ብዬ በምን ልወቅ?»

«ነገ እኔን ነው የሚፈርዱብኝ፣ አያ።»

«አይፈርዱብህም! እግዜርን! በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። አንተ ቀድመህ አታውጣው። ሌባ ተብዬ ተጎትቼ ከምወጣ በራሴ እግር ወጥቼ ብናገር፣ ሽማግሌ ያለበት አገር ነው፣ ይቅር ይሉኛል። ልጆቼ የሌባ ልጅ አይባሉም። ዕቃዋንም አትንቀላት፤ እኔው አወጣታለሁ። ዝም በል ብቻ። ዝም ማለትን ደግሞ ካንተ የሚበልጥ የለም።»

ሳቅሁ። እንባውን እየጠረገ እሱም ሳቀ። አጥሚቱን አስታወስኩ፤ ዋስነቱን አስታወስኩ። «እሺ አያ» አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ።

በማግስቱ ቅዳሴው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። ፒክአፑ መሐል ቆሟል። ጋሼ አምባው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ደብሩን የሚያገለግሉት መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን እንደያዙ አጠገባቸው ናቸው። አበራ ከሆስፒታል መጥቷል። እኔ ከመኪናው ኮፈን አጠገብ ቆምኩ።

«ማን ይጀምር?» አሉ ጋሼ አምባው።

አያ ደምሌ ተነሣ። ጋቢውን አደግድጎ ለመምሬ እጅ ነሣ። ልቤ ለእሱ ደነገጠ፤ አይዞህ ልለው ዓይኑን ፈለግሁ። አላየኝም።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ» አለ። «እኔ የመኪና ሽቦ የማላውቅ ሰው ነኝ። መንዳት ነው የማውቀው። ትናንት ይህ ልጅ መኪናውን ሲያይ ዋለ። ምን እንዳገኘ ግን ለጋሼ አምባው አልነገራቸውም። ይህ ነገር ስላልገባኝ ዛሬ ጧት በራሴ ገብቼ ፈለግሁ። አገኘሁት።»

ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣ። ሬዚስተሯን በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረጋት።

«ይቺ መርፌውን ግማሽ ላይ የምትቸነክር ዕቃ ናት። የልጁን ሱቅ የምታውቁ አረንጓዴ ምልክቱን ታውቁታላችሁ። መጠገን አቅቶት መርፌውን ግማሽ ላይ አስሮ ሰጠን። እኔም አምኜው ነዳሁ። ልጁን ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ። ስላመጣሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሜዳው እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። የሰማሁት ድምፅ የጋሼ አምባውን ብቻ ነው። «ትናንት ስጠይቅህ ነገ ያልከኝ ለዚህ ነው?»

አያ ደምሌ አሁን ተመለከተኝ። ዓይኑ ውስጥ ንዴት የለም፤ ኀፍረትም የለም። አንድን ሥራ ጨርሶ ቡሎኑን ያጠበቀ ሰው ዓይን ነበር።

«እኔ አላሰርኩትም» አልኩ። «እኔ ሽቦ ሳገናኝ በቀለጠ እርሳስ እበይዳለሁ። ይህ በእጅ ነው የተጠመዘዘው። ፕላስተሩም...»

«ስለ ፕላስተር ማን ጠየቀህ!» አለች አንዲት ሴት።

«ለመሆኑ ይህን ማድረግ የሚችል ሌላ ሰው አለ?» አሉ መምሬ።

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ግን አልሆነልኝም። «አለ፣ መምሬ። አያ ደምሌ ይችላል። ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

ጫጫታው በረታ። «ይኸው! ራሱ አመነ!» «አስተምሮት ኖሯል!» «ከሁለቱ ማን ይታመን?» አንድ ሽማግሌ ሁለቱም መስቀል ይዘው ይማሉ አለ። አያ ደምሌ ወዲያው «እምላለሁ» አለ። መምሬ መስቀሉን አልዘረጉለትም።

አበራ በዚህ መካከል ተነሣ። ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ።

«መሐላ ምን ያደርግልኛል? የዚህ ልጅ መርፌ ነው የጨረሰን! ገሳይ ስንደርስ ደምሌ እኮ "ትንሽ ልቁም፣ ከሰው ቤት ናፍጣ ልጨምር" ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ለመነኝ። እኔ ነኝ የከለከልኩት! ወንድሜ ከኋላ ይጮሃል፤ መርፌውን አሳየሁት፤ "ግማሽ አለህ፣ ምን ያስቆምሃል፣ ንዳ!" አልኩት። የአንተን መርፌ አምኜ ነው! ሰማህ? አንተን አምኜ የወንድሜን እግር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ!»

ያለቅስ ነበር። ሰው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። እኔ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የሰማሁት።

«ወንድሜ አበራ» አልኩት። «መርፌው ግማሽ እያለ፣ አያ ደምሌ ለምን መጨመር ፈለገ?»

«እኔ ምን አውቄ...» ብሎ ጀመረና ቆመ።

ከቅጽሩ ውስጥ የአንድ ሕፃን ሳል ይሰማ ነበር።

«ለጥንቃቄ ነዋ!» አለ አያ ደምሌ። «ሾፌር አይጠነቀቅም?»

መምሬ ጥበቡ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ደም የሚፈሰው ሰው ጭነህ? ግማሽ እያለህ? ደብረ ታቦር ለመድረስ ሩብ አይበቃህም ነበር ደምሌ?»

አበራ ወደ አያ ደምሌ ዞረ። «ላብህ ይንጠባጠብ ነበር» አለው። «ትዝ ይለኛል። ብርድ ነው፣ ላብህ ይንጠባጠባል። ከገሳይ ስንወጣ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን እያጠፋህ ስታንደረድረው ለምን ብዬህ ነበር።» ድምፁ ወረደ። «ባዶ መሆኑን አውቀሃል። እያወቅህ ነው የነዳኸው።»

አያ ደምሌ ወደ ሰዉ አየ፣ ወደ መኪናው አየ። ከዚያ ያለ ቦታው ሳቅ ብሎ «ብነግርህ ትገድለኝ ነበር እኮ» አለ።

አበራ እንደ ቆመ በርከክ አለ። ሁለት ሰዎች ደግፈው ያዙት። አንዲት ቃል፣ «ባዶ ነው» የምትል አንዲት ቃል፣ ገሳይ ላይ ወጥታ ቢሆን ኖሮ አሥር ደቂቃ ቆመው፣ ናፍጣውን ሞልተው፣ ሙሉቀን በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር። አያ ደምሌ ያንን ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ግን ለራሱ ስም ፈራ።

ሽማግሌዎቹ ሊመክሩ ፈቀቅ ሲሉ በአጠገቤ አለፈ። ይቅርታ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። «አንተ ባታሳየኝ ኖሮ እኔ በምን አውቀው ነበር?» አለኝ፤ አለፈ።

እድሩ በወጉ ዳኘው። ቁልፉን ተቀበሉት፤ ለሙሉቀን ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበትም ወሰኑበት። ያ የእነሱ ነገር ነው፤ እኔ አልጽፈውም። ጋሼ አምባው በዚያው ዕለት መጥተው «አፉ በለኝ ልጄ» አሉኝ። «አፉ ብያለሁ ጋሼ» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አያ ደምሌም ሽማግሌ ላከብኝ። ለእሱም አፉ አልኩ። ይህኛው ከልቤ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

ብዙ ሰው «ናፍጣ ሰረቀ፣ ጥፋቱን አላከከብህ፣ በዚህ ነው የተቀየምከው» ይለኛል። ስርቆቱን ችግር ሊያስተምረው ይችላል። እሑድ ዕለት የተናገረውንም ፍርሃት ያናገረው ነው ልበል። እንቅልፍ የሚነሣኝ ቅዳሜ ያለቀሰው ለቅሶ ነው። ግንባሬን ሲስመኝ በማግስቱ የሚናገረውን ያውቅ ነበር? ወይስ ያን ጊዜ እውነቱን ነበር፣ ሌሊቱን ነው ሐሳቡን የለወጠው? ሽቦ ቢሆን ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ እለየው ነበር። ሰውን ግን ከየት ነቅዬ ልለካው እችላለሁ?

ጥያቄውም አብሮኝ አለ። «ባታሳየኝ ኖሮ» ያለኝን ማለቴ ነው። ለስድስት ወር ያህል ሰው ሥራዬን ቆሞ ሲያይ ጀርባዬን እሰጠው ነበር። በኋላ ተውኩት። ያሳየሁት መርፌ እንዴት እንደምትዋሽ ነው፤ ሰው ደም እየፈሰሰው ዝም በል ብዬ ግን አላሳየሁትም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ። አንዳንድ ቀን አምናለሁ።

ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ዝምተኛ የሆነ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ዝምታችሁን ለሰው አታበድሩ። እኔ ያወቅሁትን ያወቅሁ ሰዓት ለጋሼ አምባው ብነግራቸው ኖሮ፣ አያ ደምሌ እንኳ የተሻለ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር። አንድ ሌሊት የሰጠሁት ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነው፤ በዚያች ሌሊት የሠራውን አይታችኋል።

መርፌውን በነፃ መልሼ ጠግኜላቸዋለሁ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፤ አሁን እውነቱን ነው የሚናገረው። ባለፈው እሑድ በመንደሩ አልፌ ነበር። ጋሼ አምባው ከቅዳሴ መልስ የታንኩን ክዳን ከፍተው ቀጭን የሸምበቆ ዘንግ ሲያስገቡ ደረስኩ። እድርተኛው ከቦ ያያል።

«ጋሼ፣ መርፌው እኮ ደኅና ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ያንተን ሥራ አልጠረጠርኩም።»

ዘንጉን አውጥተው የረጠበውን ለሰዉ ሁሉ አሳዩ። ጋቢና አልገቡም።